የኤሌክትሪክ ዲርት ባይክን ለቁመትና ለክብደት ማስተካከል፦ ከምን ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ቁመቴ 1.86 ሜትር፣ ክብደቴ 92 ኪሎ ነው። የሱር-ሮን ላይት ቢ መጠን ያለው ቀላል የኤሌክትሪክ ዲርት ባይክ (ለሸካራ መንገድ የሚሆን ሞተር ሳይክል) አለኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስነዳ ጉልበቴ ይያዛል፣ ወገቤን ያመኛል፣ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ። ቆሜ ልንዳ ስል ደግሞ መሪው በጣም ዝቅ ይልብኛል። ከፍ ያለ መቀመጫ ልግዛ፣ መሪውን ልቀይር ወይስ ሾኩን? ገንዘቤን የቱ ላይ ላውለው?»

ምላሽ፦

መቀመጫውን ለጊዜው ይተዉት። ከነገሩኝ ምልክቶች ውስጥ ከፍ ያለ መቀመጫ ብቻውን የሚያቃልለው የጉልበትዎን መታጠፍ ነው። የቀሩትን ሊያባብስ ይችላል፤ እርስዎ ከፍ ሲሉ መሪው ባለበት ስለሚቀር ይበልጥ ወደ ታች ያጎነብስዎታል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ምንም ሳልገዛ ያለውን አስተካክላለሁ። ቀጥሎ እግር መርገጫውን፣ ከዚያ መሪውን፣ ከዚያ የኋላውን ሞላ፣ ማለትም ጉድጓድ የሚያረግበውን የሾኩን ጥቅልል ብረት፣ አያለሁ። መቀመጫው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም እዚያ ሳይደረስ ነገሩ ያልቃል።

የእነዚህ ቀላል ሞተር ሳይክሎች ችግር ከአሠራራቸው የመጣ ነው። ክብደታቸው ከ50 እስከ 60 ኪሎ ገደማ፣ የመቀመጫቸው ከፍታ 830 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሙሉ መጠን ያላቸው ዲርት ባይኮች ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፣ መቀመጫቸውም ከ900 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ቀላሎቹ በተራራ ብስክሌትና በሞተር ሳይክል መሀል የተቀመጡ ማሽኖች ናቸው፤ ሻንሲያቸው አጭር፣ መሪያቸው ዝቅተኛ፣ መቀመጫቸው ለእግር መርገጫው የቀረበ ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር ለሆነ ሰው በልኩ የተሰፋ ልብስ ያህል ይስማማዋል። የእርስዎ ረጅም እግር ግን መሄጃ ስለሚያጣ ጉልበት ላይ አጥብቆ ይታጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ የቀረው ምላሼ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው። ህመሙ የሚሰማበት ቦታና ምክንያቱ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም። ሰውነትዎ ማሽኑን የሚነካው በሦስት ቦታ ነው፤ በእግር፣ በመቀመጫና በእጅ። አንዱን ሲያንቀሳቅሱ ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ያለው ርቀት አብሮ ይለወጣል። ወገብዎን እንውሰድ። መቀመጫው ለእግር መርገጫው ሲቀርብ ጉልበት ከፍ ይላል፤ ጉልበት ከፍ ሲል ዳሌ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ዳሌ ወደ ኋላ ሲዞር የወገብ አጥንት ተፈጥሯዊ ቅርጹን ትቶ ይጎብጣል። እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚመታው ያንን የጎበጠ ወገብ ነው። በዚያ ላይ መሪው ዝቅ ያለ ስለሆነ መቆም አያስመኝም፤ ስለዚህ መቆም በሚገባዎት ቦታም ተቀምጠው ያልፋሉ። የሚያመው ወገብ ነው፤ መፍትሔው ግን እግርና መሪ ጋ ነው ያለው።

ከመጀመርዎ በፊት ቁልፉን ይንቀሉ፣ የባትሪውን ማቋረጫ ያጥፉ፣ የባትሪውን ሶኬትም ይለያዩ። የእነዚህ ማሽኖች ባትሪ በአብዛኛው 60 ወይም 72 ቮልት አካባቢ ነው፤ በብረት መፍቻ ቢነካካ የሚያቃጥል ብልጭታ ይፈጥራል። ሌላም ምክንያት አለ። መሪው ላይ ሲሠሩ ክንድዎ ሳያስቡት ጋዙን (የኃይል መስጫውን እጀታ) ሊያዞረው ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ማሽን ደግሞ መብራቱ እስከበራ ድረስ ድምፅ ሳያሰማ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

አሁን ወደማያስወጣው ሥራ እንግባ። ጫማዎን፣ ጓንትዎን፣ ሄልሜትዎን ሁሉ ይልበሱ። ባዶ እግር ሆኖ የተወሰደ ልክ ዋጋ የለውም፤ የዲርት ባይክ ቡት ሶሉ ወፍራም ስለሆነ ጉልበትዎን ከፍ ያደርገዋል። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበቱ መሀል አጥብቆ ይያዝልዎ። እግር መርገጫው ላይ ይቁሙ፣ ጉልበትዎን በትንሹ ለቀቅ ያድርጉ፣ ከዳሌዎ ትንሽ ጎንበስ ይበሉ። ከዚያ ዐይንዎን ጨፍነው ክንድዎን ፊት ለፊት ይዘርጉና ክርንዎን በትንሹ አጥፈው እጅዎ በራሱ የሚያርፍበትን ቦታ ይፈልጉ። ዐይንዎን ሲከፍቱ ጣቶችዎ ከመሪው በላይ አየር ላይ ይሆናሉ። ረዳትዎ ከመሪው እስከ መዳፍዎ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለካና ይጻፈው፤ ወደ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስንት። መሪ ሲገዙ የሚመሩት በዚህ ቁጥር ነው። ደጋግመው ይለኩ፤ የመጀመሪያው ላይ ሰው ሳያውቀው ወደለመደው ቦታ ይጎነበሳል።

መሪውን ራሱን ደግሞ ይመልከቱ። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ወደ ነጂው ተዘንብለው ይመጣሉ፣ ወይም ሲጓጓዙ ከታጠፉበት ሲመለሱ እንደነገሩ ይታሰራሉ። ጥሩ መነሻ የመሪውን ሽቅብ የወጣ ክፍል ከፎርኩ (የፊት ጎማውን ከያዙት ሁለት ቱቦዎች) አቅጣጫ ጋር ማስተካከል ነው። የማሰሪያውን ብሎኖች አላልተው ጥቂት ወደ ፊት በማዞር ብቻ ለረጅም ሰው የሚታይ ቦታ ይገኛል። ሲያጠብቁ ብሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ የማሽኑ መመሪያ በሚሰጠው ልክ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ያጥብቁ። በግምት የጠበቀ ቀጭን ብሎን ወይ ይበጠሳል ወይ በመጀመሪያው ውድቀት መሪው ይዞራል።

ከመሪው ጋር የፍሬን ሊቨሮቹ አብረው ይስተካከሉ። የጣቶችዎ መደንዘዝ አንዱ ምክንያት እዚህ ሳይሆን አይቀርም። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት የሚደነዝዙት በመዳፍ ውጪኛው ጠርዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሀል ጣት ቢሆኑ ኖሮ የእጅ አንጓ መሀል ላይ ያለውን ነርቭ እጠረጥር ነበር። የእርስዎ ምልክት የሚነግረኝ ክብደትዎ በመዳፍዎ ውጪኛ ጠርዝ ላይ እንደሚያርፍ ነው፤ መሪው ዝቅ ሲልና ሰውነት ወደ ፊት ሲወድቅ የሚሆነውም ይኸው ነው። ቆመው ሳሉ ክንድዎ፣ አንጓዎና ፍሬን ላይ ያለው ጣትዎ በአንድ ቀጥታ መስመር እስኪሆኑ ድረስ ሊቨሩን ዝቅ ወይም ከፍ ያድርጉት። ሊቨሩ ጋ ያለችው ትንሽ ብሎን ደግሞ ርቀቱን ትወስናለች፤ አንድ ጣትዎ የመያዣ ጎማውን ሳይለቁ ሊቨሩን መጠምጠም አለበት። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ክላች የለም፣ ሁለቱም ፍሬኖች በእጅ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም እጆች ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናቸው። ነዳጅ በሚጠጣ ሞተር ሳይክል ላይ ቀኝ እግር በኋላው ፍሬን ላይ ይሸከመው የነበረው ድካም እዚህ ወደ ግራ እጅ ተዛውሯል።

መደንዘዙ ከማሽኑ ወርደው ሰዓታት አልፈውም የማይለቅ ከሆነ ሐኪም ይይዎት።

የመያዣ ጎማው ውፍረትም ይታይ። ጓንት አድርገው ሲጨብጡት የመሀል ጣቶችዎ ጫፍ መዳፍዎን ለመንካት ጥቂት የሚቀራቸው ከሆነ ልኩ ነው። ጣቶቹ መዳፍ ውስጥ ከተቀበሩ ጎማው ቀጭን ነው፤ እጅ ለመያዝ ብቻ ብዙ ይጨብጣል፣ ክንድም ቶሎ ይደነድናል። ለትልቅ እጅ ትንሽ ወፈር ያለና ለስላሳ ጎማ ርካሽና ትርፉ ፈጣን የሆነ ለውጥ ነው። የኤሌክትሪክ ማሽን የሞተር ንዝረት የለውም ማለት ይቻላል፤ እጅዎ ላይ የሚደርሰው ንዝረት ከመሬት የመጣ ነው። ስለዚህ ከመንኮራኩሩ ጎማ ንፋስ ይጀምሩ። ከመነዳሪ ላለው የዲርት ባይክ ጎማ የተለመደው ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፤ ብዙ ሰው ግን እንደ መኪና ጎማ አጠንክሮ ይነፋዋል። በእርስዎ ክብደት ከ15 ይጀምሩና በ1 በ1 እየቀነሱ ይሞክሩ። ድንጋያማ ቦታ ላይ ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ከተሰማዎት በጣም ወርዷል፤ ከመነዳሪው በሁለት በኩል ይበሳል። ልኩን የሚወስዱት ጎማው ሳይሞቅ፣ ዝቅተኛ ግፊትን በትክክል በሚያነብ መለኪያ ነው። ለመኪና የተሠራው በእነዚህ ቁጥሮች አካባቢ አይታመንም።

እስካሁን ምንም አልገዛንም። እነዚህን ብቻ አስተካክለው ይንዱበት፤ ከህመሙ የተወሰነው ይቀንሳል፤ የቀረው ደግሞ የሚቀየረውን ዕቃ ያሳይዎታል።

መጀመሪያ የሚገዛው እግር መርገጫውን ወደ ታች፣ ከተቻለም ትንሽ ወደ ኋላ የሚያወርድ ቅንፍ (ማያያዣ ብረት) ነው። በነዳጅ ሞተር ሳይክል ላይ ይህን ማድረግ ራስ ምታት ነው፤ የማርሽና የፍሬን ፔዳሎች ቦታቸው ከእግር መርገጫው ጋር የተሳሰረ ነውና። የእርስዎ ማሽን ማርሽም የእግር ፍሬንም ስለሌለው መርገጫውን በነፃነት ማንቀሳቀስ ይችላሉ። ለረጅም ሰው የቀላል ኤሌክትሪክ ማሽን ትልቁ ዕድል ይህ ነው፤ ብዙዎች ግን ሳይጠቀሙበት ወደ መቀመጫ ይሮጣሉ። 20 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ጉልበት ላይ ግን በደንብ ይሰማል። ከመቀመጫ በተለየም የስበት ማእከሉን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ከፍ አያደርግም። ቆመው ሲነዱም ይጠቅማል፤ ቁመቱ ቢቀንስም ወደ ኋላ መሄዱ ለጉልበትዎና ለዳሌዎ ከፊት ቦታ ይሰጣል።

መርገጫው ሲወርድ የሚከፈል ዋጋ አለ። ለመሬት ይቀርባል፤ በጥልቅ የጎማ ቦይ ውስጥ ሲያልፉ ወይም በተዘነበለ ኮርነር ላይ ሊነካ ይችላል። ከገጠሙት በኋላ ማሽኑን እስከ ታች ጨቁነው፣ ወደ ሁለቱም ጎን አዘንብለው የሚነካ ነገር እንዳለ ይዩ። መርገጫው ወደ ላይ የመታጠፍ ችሎታው እንዳይጠፋ፤ የማይታጠፍ መርገጫ መሬት ሲነካ ማሽኑን ያነሳውና ይጥላል። የጎን ማቆሚያው ከቅንፉ ጋር የሚጋራ ከሆነ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ ማቆሚያው ላይ ኃይል የሚያቋርጥ ሴንሰር ያላቸው ማሽኖች አሉና በመንገድ ላይ በድንገት ሊጠፋብዎ ይችላል። በዚሁ አጋጣሚ ጠባቡን የፋብሪካ መርገጫ ከ55 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ይለውጡት። ቆሞ የሚነዳ ሰው 100 ኪሎ የሚጠጋውን ክብደቱን በጠባብ ብረት ላይ ሲያሳርፍ የውስጥ እግሩ ይቃጠላል፤ እግር ሲያቃጥል ሰው ይቀመጣል፤ ሲቀመጥም እንደገና ወደ ወገብ ህመሙ ይመለሳል።

አሁን መሪው። መርገጫው ስለወረደ ቀድሞ የለካነው ቁጥር ተለውጧል፤ እንደገና ይለኩ። ቅደም ተከተሉ ለምን እንደዚህ እንደሆነ እዚህ ይታያል፤ መሪውን አስቀድመው ቢገዙ ኖሮ ልኩ ይሳሳት ነበር። ክፍተቱ 20 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከማሰሪያው ሥር የሚገባ ማሳደጊያ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ከፍታው በራሱ በመሪው ቅርጽ ላይ ያለበትን፣ ማለትም ሽቅብ የወጣውን መሪ፣ እመርጣለሁ። ረጅም ማሳደጊያ በውድቀት ጊዜ ማሰሪያውን የሚጠመዝዝበት ጉልበት ያገኛል፤ ተደራርበው የተገጠሙ ማሳደጊያዎችን ደግሞ ጨርሶ አልመክርም።

ሲገዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ውፍረቱ ነው። ማሰሪያው የሚይዘው የመሪው መሀል ክፍል 22.2፣ 28.6 ወይም 31.8 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሞተር ሳይክል፣ ሦስተኛው በተራራ ብስክሌት ዓለም የተለመዱ ናቸው። ቀላል ኤሌክትሪክ ማሽኖች መሀል ላይ ስለሚገኙ የየትኛውም ልክ ሊገጠምባቸው ይችላል። እጅ የሚይዘው ጫፍ ግን በሁሉም 22.2 ነው፤ ስለዚህ ሊቨርና ጋዝ መስጫ ይገባሉ። በማስመሪያ አይገምቱ፤ በካሊፐር (ውፍረትን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ። 31.8 ሆኖ ቢያገኙት ደግሞ የትኛውንም የብስክሌት መሪ አይግጠሙ፤ ሠሪው ለሞተር ሳይክል ተስማሚ ነው ብሎ የጻፈበትን ብቻ ይውሰዱ። ስፋቱ ሰፊ ከሆነ በኋላ ማሳጠር ይቻላል፤ ከሁለቱም ጫፍ እኩል፣ በ5 በ5 ሚሊ ሜትር። የተቆረጠ አይቀጠልም።

መሪው ከፍ ሲል የፍሬን ዘይት ቱቦውና የጋዙ ሽቦ ይደርሳሉ ወይ? የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ያዙሩት። በመዞሪያው ጫፍ ላይ ሽቦውን በሁለት ጣት ሲይዙት እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ አጭር ነው። የጋዙ ሽቦ ውስጥ ሦስት ቀጫጭን ገመዶች አሉ፤ አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ መመለሻ ነው፣ ሦስተኛው የእጅዎን ትእዛዝ የሞተሩን ኃይል ወደሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ወደ ኮንትሮለሩ፣ ያደርሳል። ከእነዚህ አንዱ ውስጥ ውስጡን ሲበጣጠስ ከውጪ ምንም አይታይም፤ መሪው ወደ አንድ ጎን ሲዞር ብቻ ኃይሉ ይቆራረጣል። ሰዎች ይህን ባትሪ ነው፣ ኮንትሮለር ነው እያሉ ብዙ ገንዘብ ያጠፉበታል። ከፍታ የጨመረ ሰው ኃይሉ መቆራረጥ ከጀመረ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ሽቦ ነው። ማስረዘም ካስፈለገ ውኃ በማያስገባ ሶኬት እንጂ በተጠመዘዘ ገመድና በፕላስተር አይሁን። የፍሬን ቱቦው አጭር ከሆነ በረጅም ይለወጣል፤ ዘይቱም ይሞላና አየሩ ይወጣል። ያንን ሥራ ካልለመዱት ለሚያውቅ ሰው ይስጡ።

አሁን ወደ ሾኩ፤ ስለ 92 ኪሎዎ ነው የምናወራው። ከልብስና ከመከላከያው ጋር 100 ኪሎ ይጠጋሉ። እነዚህ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚገጠምላቸው ሞላ በአብዛኛው ለቀለለ ሰው የታሰበ ነው። ግን አይገምቱ፤ ይለኩት። ሲቀመጡበት ሞላው የሚወርደው ልክ ሳግ ይባላል። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስተው ከጎማው አክስል በቀጥታ ወደ ላይ እስከ አንድ ምልክት ድረስ፣ ለምሳሌ በመቀመጫው ጠርዝ ላይ እስከተለጠፈ ፕላስተር፣ ይለኩ። ከዚያ መሬት ላይ ያውርዱትና ሙሉ ልብስዎን ለብሰው በተለመደው ቦታዎ ይቀመጡበት። ጥቂት ጊዜ ጨቆን ጨቆን አድርገው እንዲረጋ ይተዉት፤ ረዳትዎ በዚያው ሁለት ነጥብ መካከል እንደገና ይለካል። ልዩነቱ ሳጉ ነው። የሚፈለገው ከጠቅላላው የጎማ እንቅስቃሴ 30 ከመቶ ገደማ ነው፤ የኋላ ጎማዎ 200 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ከሆነ 60 ሚሊ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። 80 ወይም 90 ካገኙ ማሽኑ ገና ሳይንቀሳቀስ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሊሆን የሚጠጋውን ጨርሷል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ሞላው የሚወርድበት ስለማይኖረው ምቱን ወገብዎ ይቀበለዋል።

ኋላው ሲሰምጥ እጅም ይጎዳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያገናኘውም። የመቀመጫው ፊት ወደ ላይ ይነሳል፣ ዳሌ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ሰውየው እንዳይንሸራተት መሪውን እየጎተተ ይነዳል። ክንዱ የሚዝለው ራሱን በማሽኑ ላይ ለማቆየት ሲታገል ነው።

ሾኩ ላይ ያለው ባለ ጥርስ ቀለበት ሞላውን አስቀድሞ ይጨቁነዋል። ቀለበቱን ማጥበቅ ማሽኑን ከፍ ያደርገዋል፤ የሞላውን ጥንካሬ ግን አይለውጥም። ሰው ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ «ጠነከረ» ሲል የሚሰማው ሞላው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሲማታ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ቀለበቱን አጥብቀው 60 ሚሊ ሜትሩን ካገኙ በኋላ ከማሽኑ ይውረዱና ማሽኑ በራሱ ክብደት ምን ያህል እንደሚወርድ ይለኩ። ምንም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ለእርስዎ ለስላሳ ነው፤ በመጠንከር ሳይሆን በመጨቆን ነው የቆመው። ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልግዎታል። ሙሉ መጠን ያለው ዲርት ባይክ በራሱ ክብደት ሲወርድ የሚነገረው ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚለው ልክ እዚህ እንዳያሳስትዎ። እነሱ ከነጂያቸው የሚከብዱ ማሽኖች ናቸው፤ በእርስዎ ላይ ግን ነጂው ከማሽኑ በእጥፍ ሊጠጋ ይከብዳል። ስለዚህ በራሱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢወርድ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ጨርሶ አለመውረዱ ነው።

የሞላ ጥንካሬ ብዙ ጊዜ ሞላው ላይ ይጻፋል፤ አንዳንዱ በፓውንድ በኢንች፣ ሌላው በኒውተን በሚሊ ሜትር። 1 ኒውተን በሚሊ ሜትር ወደ 5.7 ፓውንድ በኢንች ነው፤ ሁለት ሻጮችን ሲያወዳድሩ ይጠቅምዎታል። ያለዎትን ቁጥር አንብበው ከሱ ቀጥሎ ያለውን ይውሰዱ፤ ሁለት ደረጃ አይዝለሉ። ከሞላው ጋር የመመለሻ ፍጥነቱም ይስተካከል። ጠንካራ ሞላ በኃይል ስለሚመለስ የሪባውንዱን ማስተካከያ ጥቂት ክሊክ ወደ ዝግታው ያዙሩት። መቀመጫውን በሁለት እጅ በኃይል ጨቁነው ሲለቁት አንዴ ተመልሶ መቆም አለበት። ወደ ላይ ከወረወረዎት ፈጥኗል። እየተጎተተ ከተመለሰ ደግሞ በተከታታይ ጉድጓዶች ላይ ከአንዱ ሳያገግም ሌላው ይደርስበትና እየሰመጠ ይሄዳል።

ፊት ለፊት ያለውም በዚሁ ዘዴ ይለካል። በፎርኩ ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ቢያስሩ የወረደበትን ቦታ ትቶልዎ ይወጣል። እዚያ ከ20 እስከ 25 ከመቶ ይበቃል። ፎርኩ በአየር የሚሠራ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ሞላ ሳይገዙ ግፊቱን በሾክ ፓምፕ ይጨምራሉ። ኋላውን አጠንክረው ፊቱን ለስላሳ ከተዉት ማሽኑ አፍንጫውን ይደፋል፣ ክብደትዎም ተመልሶ እጅዎ ላይ ይወድቃል። የመደንዘዙ ነገር የማይለቅ ሆኖ ካገኙት ይህን ይጠርጥሩ።

ማንም ምቾት ብሎ የማይቆጥረው ግን የኤሌክትሪክ ማሽን ላይ ትልቅ ቦታ ያለው ሌላው ነገር የኃይሉ አሰጣጥ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን መስጠት ስለሚችል ጋዙን በጥቂቱ ሲያዞሩ ማሽኑ ይፈናጠራል፤ ሰውነት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እጅም ያለፍላጎቱ ይበልጥ ይጨብጣል። ሸካራ መንገድ ላይ ጉድጓዱ ራሱ እጅዎን አንቀሳቅሶ ጋዝ ያስጨምርዎታል። ጎርበጥባጣ ቦታ ላይ ለስለስ ባለው የኃይል ደረጃ ይንዱ። ኮንትሮለርዎ የመነሻውን ስሜት ማለዘብ የሚያስችል ከሆነ እዚያ ይጀምሩ። ጋዝ ሲለቁ የሚይዘውን የኃይል መመለሻ ፍሬንም ቀነስ ያድርጉት፤ በጠነከረ ቁጥር ሰውነትዎን ወደ መሪው ይወረውራል። ኃይል የሚጨምር ኮንትሮለር ለመግዛት እያሰቡ ከሆነ ሰውነትዎ ከማሽኑ ጋር እስኪስማማ ያቆዩት።

መቀመጫው ላይ የደረስነው አሁን ነው። መርገጫው ወርዶ፣ መሪው ከፍ ብሎ፣ ኋላው መስመጡን ትቶ አሁንም ጉልበትዎ ከተያዘ ከፍ ያለ መቀመጫ ይገባዎታል። ሲመርጡ ከውፍረቱ በፊት የስፖንጁን ጥንካሬ ይዩ። በአውራ ጣት ሲጫኑት በቀላሉ የሚሰምጥ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ደስ ይላል፤ መንገድ ላይ ግን 92 ኪሎ ሲያርፍበት እስከ ታች ተጨፍልቆ የሚቀመጡት በፕላስቲኩ ላይ ይሆናል። ጠንከር ያለውና ሰፋ ያለው ይሻላል። ሽፋኑ የማያንሸራትት ይሁን፤ ፊቱ ግን ቆመው ሲነዱ ጉልበትዎ ማሽኑን እንዲይዝ ጠባብ ሆኖ ይቅር። ባትሪው ከመቀመጫው ሥር ወይም ፊት ለፊት ከሆነ ክዳኑ ሳይጋጭ መከፈቱን፣ ባትሪውም እንደልብ መውጣቱን ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ። ቆመው መሬት የሚነኩበትን ከፍታም ያስቡ፤ በእርስዎ ቁመት ችግር አይሆንም፤ ማሽኑን ሌላ ሰው የሚጋራዎት ከሆነ ግን ይጠይቁት።

ስለ ጎማ መጠን መለወጥ ስላልጠየቁኝ ብዙ አልልም። ከ19 ኢንች ወደ 21 ኢንች የፊት ጎማ መሄድ ጉድጓድ ያቀልላል፣ ፊቱንም ከፍ ያደርጋል፤ ግን የመሪውን ባሕርይ ይለውጣል፣ ቸርኬም ጎማም አዲስ ይጠይቃል። ከላይ ያሉት ሁሉ ሳይያዙ የሚገባበት ሥራ አይደለም።

በአንድ ቀን ሁሉንም አይቀይሩ። አንዱን ቀይረው በሚያውቁት፣ በዚያው መንገድ ይንዱ፤ ምን እንደተለወጠ ይጻፉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ። አዲስ የታሰረ ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሊላላ ይችላል፤ የመሪውን፣ የመርገጫውንና የሾኩን ብሎኖች እንደገና በቶርክ መፍቻ ይዳስሱ። ሳጉን ከለኩ በኋላ ሦስት ቁጥሮች ቢልኩልኝ፣ ጎማው ተነስቶ፣ ማሽኑ ብቻውን፣ እርስዎ ተቀምጠውበት፣ ሞላው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር፣ የሚቀጥለው ሞላ የትኛው እንደሚሆን እነግርዎታለሁ።